የጄሊን ቀለም

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ስቱዲዮ። እንደወትሮው እጅጌዬን ሰብስቤ ወንበሩ ላይ። የሜካፕ ኃላፊዋ እትዬ ኮራ ቡናማውን ቀለም ክንዴ ላይ ቀባች፣ አየች፣ ጠረገች፣ ትንሽ ቀይ ጨመረች። ከቆዳዬ ጋር ሲመሳሰል ተዋናይቷን ቢያንካን መቀባት ጀመረች። ፊት፣ አንገት፣ እስከ ጣቶቿ። በመጨረሻ ከርዳዳ ዊግ ደፋችባት። ነጯ ቢያንካ የተራራ ልጅ ሆና ተነሳች።

ብልቃጡ ላይ «ጄሊን 2» ተብሎ ተጽፏል። የኔ ስም ብልቃጥ ላይ፣ የሷ ስም ቴሌቪዥን ላይ!

«ታድለሽ» አለችኝ ቢያንካ። «አንቺ እንዲሁ ተፈጥረሻል። እኔን እኮ ያሳክከኛል።»

እከክ ይያዝሽ! አላልኳትም። ሳቅኩ... ለምን ሳቅኩ?

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

መብራት ሲስተካከል በቢያንካ ቦታ የምቆመው እኔ። ቀረጻ ሲጀመር ዞር በይ የምባለው እኔ። ድራማው ስለ አራት የኮሌጅ ሴቶች ነው። ሦስቱ የማኒላ ሀብታም ልጆች፣ አራተኛዋ «የኛ»፣ የተራራው ጥቁር ሕዝብ ልጅ። ምን ትሠራለች? የሦስቱን ልብስ ታጥባለች፣ ታለቅሳለች፣ ታመሰግናለች። ያቺን ሚና እንኳ ለኛ መስጠት አቃታቸው! ለሷ ተፈትኜ ነበር። «ቆዳሽ ልክ ነው፣ ፊትሽ ግን ለካሜራ አይሆንም» አለኝ ዳይሬክተሩ።

ዛሬ ግን ጠራኝ። የልጅቷ ታላቅ እህት ከተራራ የምትመጣበት አንድ ትዕይንት አለ። «አንቺ ነሽ። ንግግርም አለሽ።»

ዛምባሌስ፣ አገር ቤት ላለችው እናቴ ደወልኩ። ልታየኝ እመጣለሁ አለች።

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

ተቀረጸ! በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ ዞርኩ፣ «ነይ ወደ ቤትሽ፤ እዚህ በስምሽ የሚጠራሽ የለም» አልኩ። እትዬ ኮራ እንባዋን ጠረገች።

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

ጠዋት ቀለሙን ክንዴ ላይ ለኩና «ሂጂ ዕረፊ» አሉኝ። ምን ታያቸው?

አርብ፣ ጁላይ 26

እናቴ ደረቅ ዓሣ ይዛ መጣች። ጎረቤት ሁሉ ክፍሌን ሞላው። በቴሌቪዥኑ በሩ ተከፈተ። ጀርባዬ! ጸጉሬ! እናቴ ተነስታ ቆመች። «ያቻትና! ዞር በይ እንጂ ልጄ፣ ዞር በይ!»

ዞረች። ፒያ ናት፤ የፕሮዲውሰሩ የእህት ልጅ። ተቀብታ። የኔን ንግግር አንድም ቃል ሳታስቀር...

ለካ ያን ሐሙስ ቀለሙን ክንዴ ላይ የለኩት ለሷ ኖሯል! በገዛ ክንዴ!

እናቴ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችው። ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ የት ሄድሽ?»



ሰኞ፣ ጁላይ 29

ሌሊቱን አልተኛሁም። ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«ዋናው ታሪካችሁ መነገሩ ነው» አለ።

«እኛው ብንነግረውስ?»

«ጄሊን፣ ምስጋና ቢስ አትሁኚ። ስንቷ ትመኘዋለች መሰለሽ!»

እትዬ ኮራ ቀለም ልትለካ ክንዴን ሳብ አደረገች። እጅጌዬን እስከ አንጓዬ አውርጄ ቆለፍኩት። ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 1

እትዬ ኮራ ደወለች። ቀለሙ ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ብሏል። መብራት ሲበራ ቢያንካ አመድ ትመስላለች። ቀረጻ ቆሟል፣ ዳይሬክተሩ አብዷል።

«አንድ ሰዓት ብቻ ነይልን፣ የኔ ልጅ። ሌላ ምንም አንፈልግም፤ ክንድሽን ብቻ።»

እናቴ ሩዝ መልቀሟን ትታ ታየኛለች።

«እትዬ ኮራ» አልኩ፣ «ክንዴ ብቻውን አይመጣም።»