የሚታይ ደወል

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ቢሮ ደህና ነበር። መዝገብ ቤቱን ስናራግፍ ዋልን። ሲያስነጥሰኝ ውሎ ሲያስነጥሰኝ ወጣሁ። በዚያው አባዬ ጋ ጎራ ልበል አልኩ።

ደወሉን ተጫንኩ። ተጫንኩ። አሁንም ተጫንኩ... ውጭ የቆምኩት እኔ እሰማዋለሁ። የጎረቤት ውሻ ይሰማዋል። አባዬ አይሰማም። ሃያ ደቂቃ ከቆምኩ በኋላ ራሱ በሩን ከፍቶ ብቅ ሲል አገኘኝ። «መቼ መጣሽ?» «አሁን።» ሌላ ምን ልበል?

ቤት ስገባ እትዬ ደወለች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ሁላችንንም የምታዝ እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት እሷም ቆማ ቆማ ተመልሳለች። «በቃ፣ እኔ ጋ ይገባል። አንድ ቀን ወድቆ ቢቀርስ? በምን እናውቃለን?» እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ቆርጣለታለች። ቁልፍ ስጠን ስንለው «ገና ሳልሞት?» ይላል፤ ብንይዝም ከውስጥ ይቀረቅረዋል። የጆሮ መስሚያ ተገዝቶለት ነበር፤ «ንብ አስገባችሁብኝ» ብሎ አወለቀው። መውጣቱን ስትነግረው ደግሞ ጭራሽ መልስ አልሰጣትም። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ትላለች። ይስማ አይስማ እሷም እኔም አናውቅም።

እሷም እውነቷን ነው፣ እሱም እውነቱን ነው። እንዲህ ሲሆን ያስጠላል።

ጥር 7፣ ሐሙስ

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ጠረጴዛ ላይ ደፍታዋለች። ሲጠራ ጀርባው ላይ ያለው መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። አየሁትና የያዝኩት ፋይል ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ደወል በጆሮ ብቻ ይግባ ያለው ማነው?

አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠየቅኩ። ነገ እመጣለሁ አለ። ይሄ ሰው ባለፈው ዓመትም ነገ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ብሠራውስ? ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖል፣ መጫኛ ቁልፍ... ምን ያህል ይከብዳል? ነገሩ ከነከነኝ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ሄድኩ። ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚላቸው፤ የሞተ ሬዲዮ ያስነሳሉ። ቴስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መለኪያና የብየዳ ካውያ ፈልጌ ነው ስላቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ለማን?» «ለራሴ።» «በይደሽ ታውቂያለሽ?» «ቁልፍ ተክዬ አውቃለሁ፣ የሸሚዝ።» ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ተግባባን።

ሦስት ቴስተር ደረደሩልኝ። ዓይኔ ያረፈው ትንሹ፣ ቢጫው፣ የሚያምረው ላይ ነው። ጀርባውን ፈትተው አሳዩኝ። ባዶ ቤት በሉት። «ፊውዝ የለውም። ስትሳሳቺ አብራችሁ ነው የምትጨሱት» አሉኝ። ብትሳሳቺ አላሉም፣ ስትሳሳቺ ነው ያሉት... ሁለተኛውን ልኩን እኔው እያዞርኩ መምረጥ አለብኝ። ሦስተኛው ልኩን ራሱ ይፈልጋል፤ ቮልት ወይ ኦም የሚለውን ብቻ ነው የምነግረው። ፊውዝ አለው፤ ገመዶቹም ወፈር ያሉ ናቸው። እሱን ገዛሁ። ያልተቆረጠ ሽቦ ካገኘ ጢጥ ይላል፤ ቁጥሩም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ቀዩንና ጥቁሩን ጫፍ አነካክቼ ጢጥ አሰኘሁት። ደገምኩት። ከኋላዬ ሰው ወረፋ ይዞ ነበር፤ ይጠብቅ።

ካውያው ላይ ተከራከርን። ትልቁ ቶሎ ያሞቃላ፣ አልኩ። «እሱ ባልዲ ይበይዳል። ያንቺን ቀጭን ሽቦ ያከስልልሻል።» እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ፣ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ የሚል ሰጡኝ። ማስቀመጫውን፣ ጫፉን የምጠርግበት እርጥብ ስፖንጅ፣ ሊድ የሚሉትን ቀልጦ የሚያያይዝ ቀጭን ሽቦ ጨመሩልኝ። ብየዳውን የሚያስይዘው ቅባት እዚያው ሊዱ ውስጥ ነው። «ሌላ ቅባት እንዳትጨምሪ። አደራ።» ለምን? ልል ስል ያ ወረፋ የያዘው ሰውዬ ገባበት።

ጥር 10፣ እሑድ

ቤት ውስጥ ያልለካሁት የለም። የሪሞቱ ባትሪ 1.2። አዲሱ 1.58። ሎሚ ላይ የቆርቆሮ ምስማርና የመዳብ ሽቦ ሰክቼ ለካሁ... 0.9። ሎሚ! ከዚያ ራሴን ለካሁ። ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጄ ብይዝ ስምንት መቶ ኪሎ ኦም። እጄን ታጥቤ ሳልጠርገው ብይዝ ሁለት መቶ አልሞላም። በእርጥብ እጅ መብራት አትንኩ ሲሉን የኖሩት ለካ ለዚህ ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ገባኝ።

ከዚያ ጠገብኩ። ቀዩን ገመድ የአምፔር ቀዳዳ ላይ ሰክቼ ለአባዬ በር የገዛሁትን ባትሪ ነካሁት። ቱሽ። ክው አልኩ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነው። ዶክተር ሲቀይሩልኝ፣ «እኔማ ቅዳሜውኑ ትመለሻለሽ ብዬ ነበር፣ ቆየሽ» አሉ። አምፔር የሚለካው የሽቦው መንገድ መሃል ገብቶ ነው እንጂ ባትሪ ላይ ተለጥፎ አይደለም። ቮልት ነው ከጎን የሚነካው። ጻፍኩት፤ ድጋሚ እንዳላፍር።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ብየዳ ተለማመድኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እኔን ነው። ሊዱ ጠረጴዛው ላይ፣ ጫማዬ ላይ... ሽቦው ላይ ብቻ የለም። ምስጢሩ ወደ መጨረሻ ገባኝ። ማሞቅ ያለብኝ ሊዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው ሲሞቅ ሊዱ ራሱ ይፈስበታል፣ ያብረቀርቃል። ሲደበዝዝና ሲድቦለቦል አልያዘም ማለት ነው። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ አብረቀረቁ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ዕቃዬን ተሸክሜ አባዬ ጋ ሄድኩ። ግራ ጆሮው ላይ ጮኼ አስረዳሁት። ካውያዬን ተቀብሎ አገላበጠው። አርባ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ መዳብ ከመዳብ ሲበይድ ነው ያሳደገን። «ይሄ የጥርስ መጎርጎሪያ ነው?» አለ። ከዚያ ተነስቶ አልጋ ሥር ገባ፤ የድሮ ሳጥኑን ጎትቶ አወጣ። ከውስጡ የብየዳ ቅባት፣ በቆርቆሮ ጣሳ። «ይሄን ቀቢበት። እኔ የበየድኩት አንድም ቀን አንጠባጥቦ አያውቅም።»

የዶክተር አደራ ትዝ አለኝ። ግን ፊቱን አየሁት። ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ፊቱ ከበራ? አንጀቴን በላው። ቀባሁ።

ሠራ። በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ስጫን ሳሎን ውስጥ አምፖሉ ብልጭ ብልጭ። አባዬ ውስጥ ሆኖ «በራ!» ይላል፣ እኔ ውጭ ሆኜ እጫናለሁ። «በራ!» ሰፈሩ ሰማን።

ጥር 17፣ እሑድ

እትዬ መጣች። ተጫነች፣ አባዬ ወዲያው ከፈተ። ሦስት ጊዜ አስወጣችው አስገባችው። «እስቲ እንየው» አለች። ከእትዬ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ዘነበ። ምንም አዲስ ነገር የለም።

ጥር 28፣ ሐሙስ

እትዬ ከሥራዋ ወጥታ ሳትናገር ሄዳ ኖሯል። ግማሽ ሰዓት ቆማ። አምፖሉ አልበራም። አባዬ ሲወጣ እሷ እያለቀሰች ነበር። ስልክ ላይም እያለቀሰች ነው ያወራችኝ። «የሞተ መስሎኝ ነበር። ገባሽ? በሩ ላይ ቆሜ የሞተ መስሎኝ ነበር። የካቲት አምስት ዕቃ መጫኛ መኪና አመጣለሁ። በአሻንጉሊት አትሸንግይኝ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የኔ ጥፋት ነው።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ቴስተሬን ይዤ በጠዋት ደረስኩ። ባትሪው 12.4፣ ደህና ነው። አምፖሉ ደህና። ረጅሙ ሽቦ ጢጥ ይላል። ቀስ በቀስ፣ ከቤት ወደ በሩ... መጫኛ ቁልፉ ላይ ጢጥ የለም። ፈታሁት። የበየድኩበት ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። ነካ ሳደርገው ሽቦው ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ።

ልደብቀው ስል አባዬ ከኋላዬ ቆሟል። ቀና ብዬ «የኔ ብየዳ ነው፣ በደንብ አልያዘም» አልኩት። ተቀበለኝ። አዞረው፣ አሸተተው።

«ይሄማ የኔ ቅባት ነው።»

የቴስተሩን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ቧንቧ ስንበይድ ስንጨርስ በውኃ እናጥበዋለን። ካልታጠበ መዳብ ይበላል። ይሄን ማን አጠበው?» ከዚያ አየኝ። «ታውቂ ነበር?»

ዶክተር አትቀቢ ብለውኝ ነበር አልኩት። ለምን እንዳሉ እንደማላውቅ ነገርኩት፤ ደስ ብሎህ ስላየሁ ነው አልኩት፤ ጮኼ ነው የምናገረው፣ ደግሞ እያለቀስኩ።

«አንዷ ከቤቴ ታወጣኛለች፤ አንዷ ታባብለኛለች» አለ። «የደከመው ጆሮዬ ነው። ይሄ አይሆንም ብትይኝ እኮ ለምን ብዬ እጠይቅሽ ነበር። ሁለታችንም እናውቀው ነበር።»

ከስድብ በላይ አመመኝ። እውነቱን ነዋ። ከእትዬ በምን ተሻልኩ? እሷ ፊት ለፊት ትወስንበታለች፣ እኔ እየሳቅኩ።

የካቲት 1፣ እሑድ

አባዬ ራሱ ጠራኝ። ጠረጴዛው ተጠርጓል፣ መነጽሩን አድርጓል። ዶክተር ያሉኝን አንድ በአንድ አስደገመኝ። ሽቦውን ነው የሚያሞቁት? አዎ። ቅባቱ ውስጡ ነው? አዎ። «ስጪኝ የጥርስ መጎርጎሪያውን።» ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ሊዱ ፈሰሰ፣ አብረቀረቀ። አንድ። ሁለት። አራቱንም አንድ በአንድ። የኔ አሥራ አንድ ሙከራ አሳፈረኝ። ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ የእሱ እጁም ላይ ነበረ።

ቴስተሩ ጢጥ ሲል አይሰማውም፤ ቁጥሩን ነው የሚያየው። «ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ ደህና ነው?» ደህና ነው። እንደገና ይለካል። ሰፊ ምላጭ የመሰለ የካውያ ጫፍ ለምን እንደሚሸጡ፣ ኦም ምን እንደሆነ፣ ሎሚው ለምን 0.9 እንዳለ... ጥያቄው አያልቅም። ለካ የማን ልጅ ነኝ።

የበሩን መጫኛ ቁልፍ ዝናብ እንዳይገባው በፕላስቲክ ሸፈነው። በመጨረሻ «መኝታ ቤትም አንድ አምፖል ይግባ፣ ትራሱ በኩል» አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ መበየድ ጣፍጦት መሰለኝ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

እትዬን መኪናውን አቆይው ብዬ ለመንኳት። «የነገውን አልቀይርም» አለች። ጓዳ ሆኜ አሁን ደግሞ የቱ ብየዳ ይበላሽ ይሆን እያልኩ ሳስብ አመሸሁ። ቢብስ ከአባዬ ጎን እቆማለሁ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ከሰዓት ላይ አብረን ሄድን። የመኪናው ሾፌር መንገዱ ዳር አቁሞ ጋዜጣ ዘረጋ። እትዬ ባዶ ካርቶኖች ይዛለች። ተጫነች።

ምንም የለም። አንድ ደቂቃ። እንደገና ተጫነች። ሁለት ደቂቃ። ዞራ አላየችኝም። አራቱንም ብየዳ ለክተናቸዋል፣ ምን ጎደለ? ሦስተኛውን ልትጫን ስትል መቀርቀሪያው ተንቋቋ።

አባዬ በአንድ እግሩ ካልሲ፣ ሌላኛው ባዶ። ጉንጩ ላይ የትራስ ስፌት ታትሟል። ፀጉሩ በአንድ ወገን ቆሟል።

«ተኝቼ ነበር» አለ፣ ዓይኑን እያሸ። «መብራቱ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«በቀን?» አለች እትዬ፤ ግራ ጆሮው ላይ ጠጋ ብላ ደገመችለት። «በቀን ትተኛለህ እንዴ?»

«ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ጋደም ብዬ አላውቅም። ሰው መጥቶ ቢመለስስ? በየግማሽ ሰዓቱ እየወጣሁ በሩን ከፍቼ አይ ነበር። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።» ካርቶኖቹን አያቸው። «ዛሬ እስቲ ብዬ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ይጣፍጣል ለካ።»

እትዬ ካርቶኖቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ሾፌሩ ሄደች፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፣ ጋዜጣውን አጥፎ መኪናውን አስነሳ።

ተመልሳ የአባዬን ክንድ ያዘችው። «ሂድና ጨርስ እንቅልፍህን። ምግብ እኛ እንሠራለን።» አልተከራከራትም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማንኮራፋቱ ተሰማ።

እኔና እትዬ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ስናወራ ቆየን። ብዙ ነገር አወራን፤ ዓመት ሙሉ ያላወራነውን። በሹክሹክታ ነው ያወራነው። እንደማይሰማ ሁለታችንም እናውቃለን።