የጎደለው ሩብ ዙር

ውድ ፀደንያ፣

እማማ እንዴት አደሩ? ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልቁረጠውና ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ካረዘምኩት ድፍረቱ ያመልጠኛል። በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውያለሁ። ሦስቴም ስፒከር ላይ አድርገሽው፣ እማማ ከአልጋቸው ሆነው "ልጃችንን ስለያዝሽልን ተባረኪ" ሲሉኝ ወሬ ቀይሬ ዘጋሁት። ስለዚህ ጽፌ ወደ ስልክሽ ላክሁልሽ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። ቤቴል ደህና ናት፣ ስለ እሷ አትደንግጪ።

ነገሩን ሳልጠመዝዝ ልንገርሽ። ልጅሽ በዚያ ውድድር ያለፈችው እኔ ስለዋሸሁ ነው። ሰው አልነገረኝም፣ አልጠረጠርኩም፤ በዓይኔ ያየሁትን ደብቄ ነው ያሳለፍኳት። ይኸው ወጣልኝ። አሁን እንዴት እንደሆነ ስሚኝ፣ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

ሮውሌት ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አብረን ስንሠራ ትዝ ይልሻል? ሽማግሌዎቹን ምሳ እያበላን ቲቪው ላይ በረዶ ላይ የሚሽከረከሩ ልጆች ስናይ "ይሄ ደግሞ የምን ቅብጠት ነው?" ያልሽው አንቺ ነሽ። በሦስተኛው ቀን የራሳችንን ምሳ ትተን ቆመን እናይ ነበር። ዳኛ መሳደብም ያኔ ጀመርን። አንዷ ዳኛ የአገሯን ልጅ ነጥብ ከፍ ካደረገች አንቺ ከቤትሽ፣ እኔ ከአዲሰን ቤቴ ስልክ ይዘን "ዓይን ያወጣች ሌባ" እያልን እንውላለን። እኔማ ብሶብኝ ቪዲዮውን እያቆምኩ፣ የጫማውን ብረት በቀይ እያሰመርኩ ፌስቡክ ላይ እለጥፍ ነበር። ከማላውቀው ካናዳዊ ጋር በአንዲት ዝላይ ምክንያት ሁለት ሳምንት ተሰዳድቤያለሁ። "ዳኛ ከዋሸ ስፖርቱ ምኑ ቀረ?" ብዬ የጻፍኩት እስካሁን እዚያው አለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ቤቴል "እኔም በረዶ ላይ ልሞክር" ስትል ከእኔ በላይ የተደሰተ አልነበረም፣ አንቺንም ጨምሮ። የቸርች ሴቶች "ጭኗን አስገልጣ" ብለው ሲያሙሽ፣ "ከውስጥ ስቶኪንግ አለው፣ እናንተ ዓይናችሁን አጥሩ" ብለሽ ዝም ያሰኘሻቸው ቀን ኮርቼብሽ ነበር። ስድስት ዓመት ሁለት ሥራ እየሠራሽ በጠዋት እያነቃሽ ያመላለስሻትን ልጅ፣ እማማ ሲታመሙ "አደራ" ብለሽኝ ወደ ሆሳዕና ሄድሽ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

የውድድሩ ቅዳሜ፣ ለዳኞቹ ቪዲዮ የምትይዘው ሴትዮ ታማ ቀረች። የውድድሩ ኃላፊ "ዓለም፣ አንቺ ግቢልን" አለችኝ። "ከልጆቹ አንዷ እኔ ቤት ነው የምታድረው" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዳኞቹ አጠገብ መቀመጥ ቋምጬ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ከውጭ ሆኜ የሰደብኩት ወንበር ላይ አንድ ቀን ልቀመጥ ብዬ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ልጅ ስትነሳ አንድ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ አርፋ ስትጨርስ ሌላ። ዝላዩ ተቆርጦ ይቀመጣል፣ ዳኞቹ ከተጠራጠሩ ያንን ቁራጭ ቀስ አድርገው ያዩታል። አየር ላይ መዞር ያለባትን ሳትጨርስ ካረፈች፣ ከሩብ ዙር በላይ ከጎደላት፣ ነጥብ ይቀነሳል። ጥርት ብሎ ካልታየ ግን ለልጅቷ ይፈረዳል። ይህንን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ የምደግምልሽ ስለጨነቀኝ ነው።

ቤቴል ደብል አክስሏን፣ ያንን ሁለት ዙር ተኩሉን፣ ስትዘል እጄ ቸኮለና የመጨረሻውን ቁልፍ ቀድሜ ተጫንኩት። ይሄ ስህተት ነው። በጌታ ስም መማል ባልተው ኖሮ እምልልሽ ነበር። ግን በዓይኔ አየኋት፤ ስታርፍ ብረቱ ወደ ጎን ዞሮ ነበር። አሥር ዓመት በቀይ ሳሰምር የኖርኩት ዓይን ነው፣ አይስትም። ዳኛው ቁራጩን ከፈተው። ልጅቷ አየር ላይ ናት፣ ከዚያ ያልቃል። እንደገና ከፈተው። "ያለን ይሄው ነው?" አለኝ። ሙሉው ቅጂ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ ለማውጣት ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሦስቱም ዳኞች ወደ እኔ ዞሩ።

"አዎ፣ ይቅርታ" አልኩት።

እጄ ተሳስቷል ፀዲ። አፌ ግን አልተሳሳተም።

ወደሚቀጥለው ውድድር የሚያልፉት አራት ልጆች ብቻ ናቸው። ቤቴል አራተኛ ወጣች፣ ከአምስተኛዋ በዜሮ ነጥብ አርባ አንድ በልጣ። ያ ዝላይ ቢቀነስባት ቦታው የዚያች ልጅ ነበር። ስወጣ አባትየው የልጅቷን ሻንጣ ተሸክሞ በር ላይ አገኘኝ። ልጅቷ ፊቷን ጃኬቱ ውስጥ ቀብራለች። ሰውየው አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ አይቶ "ቅዳሜሽን ሰውተሽ ስላገዝሽን እናመሰግናለን" አለኝ። ባጁን ልብሴ ውስጥ ከትቼ በሩን ያዝኩላቸው።

መኪና ውስጥ ቤቴል ጫማዋን እቅፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሀይዌይ 121 ላይ ስንገባ "አንቲ፣ አክስሌ ሾርት ነበር፣ ዙሩ አልሞላም" አለችኝ።

"ማን አለሽ?"

"ማንም። ማለቴ፣ እግሬ ያውቃል። ለምን አልቀነሱብኝም?"

"ዳኞቹ አይተው ነው የሰጡሽ" አልኳት። "ኦኬ" አለችና በመስኮቱ ማየት ጀመረች። ያኔ መናገር እችል ነበር። ግን አንቺ ደወልሽ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እልል ስትይ፣ ነርሷ ስትቆጣሽ፣ እማማ "ምን አገኘች? ምን አገኘች?" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አፌን እንዴት ልክፈት?

አንቺ ደግሞ አላረፍሽም፣ ለፓስተር ጳውሎስ ደወልሽለት። እሁድ ከዝማሬው በኋላ "እህታችን ዓለምሸት ጌታ ያደረገውን ትመስክር" ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። ሰዎች ከወንበሬ ገፍተው አስነሱኝ። ቆሜ መሰከርኩ ፀዲ። "ጌታ የልጃችንን እግር አጸና" አልኩ። ሕዝቡ "አሜን" አለ። ስሙን ጠርቶ መማል የምፈራ ሴትዮ ስሙን ጠርቼ ዋሸሁ። ቤቴል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ነበር። አላጨበጨበችም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ነው ያንገበገበኝ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ያንን ዝላይ ዘለለች፣ ወደቀች። ተነሳች፣ ዘለለች፣ ወደቀች። ሁልጊዜ በዚያው በግራ ዳሌዋ። አሰልጣኟ "ይብቃሽ" ብላ ወደ ሌላ ልጅ ስትዞር እንደገና ትሄዳለች። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ረቡዕም እንዲሁ። ማታ ከደረጃው ስትወርድ እያነከሰች አየኋትና ዳሌዋን አሳዪኝ አልኳት። እንደ ባድንጃን ጠቁሯል። ጮህኩባት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?

"ሁሉም ሰው ላንድ አደረገች፣ በትክክል አረፈች ብሏል። ሶ ላንድ ካላደረግኩ ውሸታም ነኝ።"

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእኔን ውሸት እውነት ልታደርግ ሥጋዋን ስትቀጠቅጥ ማለት ነው። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያለፉት ልጆች ዝርዝር ዓርብ ቀትር ላይ ይዘጋል፣ አንቺ የምትገቢው ቅዳሜ። እስክትመጪ ልጠብቅ አልኩ። ከመጣሽማ እግርሽ ላይ ወድቄ እነግርሻለሁ አልኩ። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ የሚነገር እውነት ምን ይሠራል? ደግሞስ ልጅቷ ሐሙስም ልምምድ አላት።

ሐሙስ ወደ ሪንኩ፣ ወደ በረዶ ሜዳው፣ አልወሰድኳትም። ኃላፊዋ ዘንድ ሄጄ "ቅጂውን ልየው" ብዬ በስልኬ ቀድቼው መጥቼ ነበርና ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ሙሉውን አሳየኋት። አንድ ጊዜ አየችው፣ ሁለተኛ አየችው፣ ሦስተኛው ላይ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ብረቱ ጋ አቆመችው። ከዚያ ቁልፉን፣ ዳኛውን፣ "አዎ፣ ይቅርታ" ያልኩትን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ወይም ትጮህብኛለች።

"ሶ አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፣ አንድም አልጨመርኩም።

"እኔ ጌታ ያደረገው መስሎኝ ነበር። ማለቴ፣ ሁሉም ሰው ፕሬይ አደረገ፣ ከዚያ ጀጆቹ አላዩም። እሱ ለእኔ ብሎ ያቺን ልጅ ቺት ያደረጋት መስሎኝ ነበር። ሶ ፈራሁት። እንኳንም አንቺ ሆንሽ።"

ፀዲ፣ በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያች "እንኳንም" አንጀቴን የቆረጠኝ ስድብ የለም፣ ስድብም አልነበረም። ማይክ ይዤ ቆሜ በልጅሽና በአምላኳ መሀል ምን እንደጨመርኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

"ማሚ ሳትመጣ ላኪው" አለችኝ። ይህን የምጽፍልሽ በእሷ ላይ ላላክክ አይደለም። እሷ ባትልም እልከው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሙሉውን ቅጂ፣ ያደረግኩትን በስሜ ጽፌ፣ ለኃላፊዋ ላክሁ። ከቀትር በፊት መለሱልኝ። ቦታው ለአምስተኛዋ ልጅ ተሰጥቷል። ቤቴል ምንም ጥፋት እንደሌለባት በግልጽ ጽፈዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት መወዳደር ትችላለች። እኔ ከእንግዲህ ዳኞቹ አጠገብ አልደርስም። ይገባኛል።

ታዝኛለሽ፣ አውቃለሁ። ስድስት ዓመት የለፋሽበትን፣ ለእማማ አልጋቸው ላይ የነገርሻቸውን ደስታ፣ ሳልጠይቅሽ ሰጥቼ ሳልጠይቅሽ ወሰድኩ። አውሮፕላን ላይ ስታነቢው ልትረግሚኝ ትችያለሽ። ብቻ ስድቡን ሁሉ ለእኔ አድርጊው፣ ለእሷ እንዳታተርፊላት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሪንኩ ውሰጂኝ አለችኝ። ፈራሁ፣ ግን ወሰድኳት። ደብል አክስሏን አንድ ጊዜ ብቻ ዘለለች። ዙሩ ጎደላት፣ ግን አልወደቀችም። ከዚያ በመስታወቱ ወደ እኔ ዞራ፣ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አቀራርባ ምን ያህል እንደጎደላት አሳየችኝ። እየሳቀች ነበር። ሁለተኛ አልሞከረችም፤ ወጥታ ጫማዋን ፈታች፣ ራበኝ አለች።

እሁድ ከዝማሬው በኋላ ማይኩን እጠይቃለሁ። ቆሜ የመሰከርኩትን ቆሜ አነሳዋለሁ፣ ለፓስተሩ ነግሬዋለሁ። አጠገቤ ካልተቀመጥሽ አልቀየምሽም።

ነገ ኤርፖርት እሷን ይዤ እመጣለሁ። ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ ቁልፉ በእሷ እጅ ነው፤ መኪናው ነዳጅ ተሞልቷል፣ ምሳችሁን ከኋላ ወንበር አድርጌላችኋለሁ። እናንተ ግቡ፣ እኔ በኡበር እመለሳለሁ። ልታናግሪኝ ከፈለግሽ ደግሞ፣ ከበሩ በስተቀኝ ቆሜያለሁ።

ስታኮርፊም የማከብርሽ፣
ዓለምሸት