የአባባ ዓይንና ነጩ ወረቀት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ከነልጆችሽ እንደምን ከርማችኋል? እዚህ ዝናቡ አላባራ ብሎ የማተሚያ ቤታችን ጣሪያ እያፈሰሰ ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ እርጥበት ጠጥቷል።

አባባ አንጀቱን ቀዶ ጥገና የተደረገበት ቁስል ጥሩ ጠግጓል። ዓይኑ ግን ቢጫ ሆነ። ለሐኪሙ ብነግረው፣ «ጋሼ፣ የመጋረጃው ቀለም አርፎበት ነው» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የኅትመት ቀለም ሳርም የኖርኩትን ሰው! መጋረጃውን ገለጥኩና፣ ሥራ ቦታ እንደማደርገው፣ ነጭ ወረቀት ከአባባ ዓይን አጠገብ ያዝኩ። «እስቲ አሁን መጋረጃው የታለ?» ብዬ ጮህኩበት። አባባ ደግሞ ለነርሷ፣ «አትፍሪው ልጄ፣ ይኼ ሲወለድም አዋላጇን አርሟታል» አላት።

ሲመረመር የሐሞት ቱቦው ጠብቦ ተገኘ። አሁን ያው ሐኪም፣ «ከአንጀት ቀዶ ጥገና በኋላ እንዲህ ያለው እምብዛም አያጋጥምም» ይለኛል። እምብዛም ስለሆነ አይታይም? ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ ገላውን ሲያክ ሐኪሙ ምን መስሎት ነበር? ትኋን?

ሐሙስ እንደገና ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባል። ትናንት ትኩሳቱ ሲነሣ ነርሷን በአንቺ ስም ጠርቶ ውሃ ጠየቃት። አረምኩት። ዛሬም ጠራት፤ አላረምኩትም።

ለዓመቱ መጨረሻ ያልሽውን ወደዚህ የመምጣት ጉዞ ከሐሙስ በፊት አድርጊው። ሌላ ነገር ኖሮ አይደለም፤ አየሩ ደስ ይላል፣ ዝናብ የሚባል የለም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። በደኅና ያገናኘን።

ቁጡው ወንድምሽ