ለማዳበሪያ የተጻፉ ሃያ ዘጠኝ ስሞች

ቺፎንዶ መንደር፣ ዴድዛ
እሁድ፣ ኖቬምበር 12

ልጄ ዚዮኔ፣ የማህፀኔ በኩር፤

እንዴት ከርመሽልኛል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፣ ክንዴም ገና ዶማ ያነሳል። ሌላው ግን ደህና አይደለምና በደፈናው «ደህና ነኝ» ብዬ አላታልልሽም።

ስልክ ልደውልልሽ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ሁለት ቀን ወጥቼ ነበር። አንዴ አነሳሽው። «ሃሎ፣ እማ?» ስትይ ሰማሁሽ፤ የምለው ጠፍቶኝ ዘጋሁት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ይሆናል። መስመሩስ ደህና ነበር። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ፣ ወደ ሊሎንግዌ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ሻይ ጋብዢው፣ ደግ ሰው ነው።

ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገባ። በቆሎው በቅሎ ሦስት ቅጠል አውጥቷል። አሁን ማዳበሪያ ካላገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጫ መሆን ይጀምራል። በቆሎ ደግሞ እንደ ሰው ታገሥ ቢሉት አይታገሥም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ባለወፍጮው ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ከፍቶታል፤ ስለ ዘንድሮው የማዳበሪያ ድጎማ ቅነሳ ክርክር ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል «ድጎማው ከተቀነሰ ሕዝቡ ያልቃል!» እያለ ይጮሃል። ከዚያ አንዲት ሴት ረጋ ብላ፣ «ክቡርነትዎ፣ ሕዝቡ እኮ ድጎማው እያለም እየተራበ ነው» አለችው። ገንዘቡ ለመስኖና ለመንገድ ቢውል ይሻላል አለች። መሬቱ በማዳበሪያ ብዛት ደርቋል አለች። ቀጥላም፣ «ማዳበሪያው የደሃው ማሳ ከመድረሱ በፊት በሹሙ ጓሮ ነው የሚያልፈው። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» አለች።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ፣ «እሰይ! ይችስ አንጀቴን አራሰችው!» ብላ አጨበጨበች። ዞር ስትል እኔን አየችና አፏን በሽርጧ ያዘች። ድምፅሽን ከእኔ እኩል ነው ያወቁት። ባለወፍጮው ሬዲዮውን አጠፋና፣ «እሜቴ፣ ተራው የእርስዎ ነው» አለኝ። ከፊቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ተራዬ ሳይደርስ አስፈጭቼ ወጣሁ፤ እንዴት ቤቴ እንደ ደረስኩ አላውቅም።

በማግስቱ የግብርና ሠራተኛው መጣ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። አምና ሰማንያ ስምንቱም ቤት በድጎማ ዋጋ ወስዶ ነበር። ዘንድሮ ለመንደራችን የተፈቀደው ለሃያ ዘጠኝ ቤት ብቻ ነው፤ እኔም የመንደሩ ሹም ነኝና ስሙን መርጬ እስከ ዓርብ ማታ ማስረከብ አለብኝ። «የሃምሳ ዘጠኙስ ነገር?» አልኩት።

«እሱን እንኳ ልጅዎን ይጠይቋት» ብሎኝ ሳቀና ሄደ። ለእሱ ቀልድ ነበር።

አመሻሹ ላይ አጎትሽ ሶስቴኒ ደረሰ። ገና ሳይቀመጥ፣ «ከእኛ ወገን አሥራ አንድ ቤት አለ። እነሱን አስቀድመሽ ጻፊ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሰዉ ምን ይላል?» አልኩት።

«ሰዉማ ብሎ ጨርሷል! ልጅሽ አይደለች እንዴ በአገር ፊት ሌቦች ናቸው ያለችን? ስማችን ከጠፋ አይቀር ሆዳችን ይሙላ! ወገንሽን ካልጠቀምሽበት ሹመቱ ለምንሽ ነው?»

አልዋሽሽም ዚዮኔ፤ ጻፍኩ። አሥራ አንዱንም ጻፍኩ። ከዚያ አቅመ ደካሞቹን፣ ባል የሌላቸውን፣ አልጋ ላይ የዋሉትን። ሌኒያ ጋ ስደርስ ግን ብዕሩን አስቀመጥኩት።

ሌኒያን ታስታውሻታለሽ፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ ልጆቿ ሲዘፍኑ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ የነበረው። ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ጊዜ የማዳበሪያው ኩፖን ወረቀት ነበር፤ የባለቤቱ ስም ላዩ ላይ ይጻፍበት ነበር። የእሷ ኩፖን እጄ ገባ። አንቺ ደግሞ ፈተናውን አልፈሽ፣ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎሽ፣ የቀረው ክፍያው ብቻ ነበር። ለሌኒያ «ስምሽ አልወጣም» አልኳት። ተንበርክካ እጅ ነሥታ ሄደች። እኔም ኩፖኑን ትምባሆ ለሚያለማ ባለ እርሻ ሸጥኩት።

ሰውየው ሊወስደው በማለዳ የመጣ ጊዜ አዲሱን የደንብ ልብስሽን ለብሰሽ በር ላይ ቆመሽ ነበር። «ይሄ የማን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «የእኛ ነው» አልኩሽ። ስሟ ላዩ ላይ ነበር፤ አንቺም ማንበብ ትችይ ነበር።

ያን ዓመት የሌኒያ በቆሎ ከጉልበት ከፍ አላለም። በተከታዩ የካቲት፣ አዲሱ አዝመራ ሳይደርስ፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ እየለመነች ለልጆቿ ስትቀቅል አይቻታለሁ። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሞዛምቢክ ተሻገረ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አንቺ በዚያ ተርም ከክፍልሽ አንደኛ ወጣሽ። ሁለቱም ወሬ በአንድ ሳምንት ነው የደረሰኝ።

በመጨረሻ ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሲማውን፣ ከፊትሽ አቀረብኩልሽና፣ «እማ፣ ስሙን የሚመርጠው ማን ነው?» አልሽኝ። «ይልቅ ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አልኩሽ። በማግስቱ ሄድሽ፤ ይኸው ከተያየን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው። በሬዲዮ «በዓይኔ ያየሁትን» ስትይ የትኛውን ማለትሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ዓርብ ጠዋት ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ደመናው ስለ ከበደ ነው ሜዳው ላይ ያልተቀመጥነው። ወንበሩ ሞልቶ ሰው በየግድግዳው ቆመ። ገና ወረቀቱን ሳልዘረጋ አያ ካምዋዛ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

«እሜቴ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ልጅዎ ማዳበሪያው በሹም ጓሮ ያልፋል ብላለች። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሹሙም ብዙ ነው። የቱን ሹም ማለቷ ነው?»

ሶስቴኒ ከኋላዬ ሆኖ፣ «የከተማ ወሬ ነው በያቸው፣ ከተማ ተቀምጦ ለሚበላ ሰው ወሬ ይቀለዋል በያቸው» እያለ ያንሾካሹካል። እኔም እንደዚያ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልጄ ሬዲዮ ላይ ልታይ ልታይ ስላለች ነው ብል ይስቁና ያልፍ ነበር። ካልኩት ግን ያኔ ሌኒያን እንደሸጥኩ አሁን ደግሞ አንቺን እንደምሸጥሽ ታወቀኝ።

«እኔን ነው» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኩፖኑን፣ ባለ እርሻውን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ። ስሟን ስጠራ ሌኒያ ከወደ በሩ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እኔ ፊት ሳይንበረከክ የቆመ ሰው በሃያ ዓመት አላየሁም ነበር።

«አንቺ!» አለችኝ።

እርስዎ አላለችኝም፣ ዚዮኔ። አንቺ ነው ያለችኝ፤ በሰማንያ ስምንት ቤት ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ። የተገባኝም እሱ ነው።

«አንቺ፣ እስኪ ንገሪኝ፤ ልጅሽ በሬዲዮ ባትናገር ኖሮ ይሄን ይዘሽው ልትቀበሪ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ወደ ፊት መጣች። የምትመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወረቀቱን ነው ከእጄ የወሰደችው። ለራሷ ካነበበችው በኋላ ጮክ ብላ ለሕዝቡ አነበበችው፤ የእኛን ወገን አሥራ አንድ ስም ከነአባታቸው። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ አጎትሽ በሩን በርግዶ ወጣ። ሌኒያ ወረቀቱን አልቀደደችውም፤ ገልብጣ በንጹሕ ጎኑ ላይ እስክሪብቶ ጠይቃ መጻፍ ጀመረች። «አንድ በአንድ፣ ሁሉም እየሰማ» አለች። «ባለፈው የካቲት በቀን አንዴ ብቻ የበላ ቤት ይነሣ። የዋሸ ካለ ጎረቤቱ ይናገር።»

ከዚያማ ምን ያልተባለ አለ! ዕጣ ይውጣ ያለ አለ። አንዱ ጎረምሳ ገበሬ፣ «ዳቦ የሚበሉት ሰዎች ናቸው በእኛ በቆሎ የሚከራከሩት! ዚዮኔ መጥታ ትምረጥ እንጂ!» አለ። አያ ካምዋዛ ደግሞ፣ «ልጅቱ ስለ መሬቱ ያለችው እውነት ነው። ማሳዬ ያንን የማዳበሪያ ጨው ካልላሰ አንዲት ፍሬ አይሰጠኝም፤ እንደ ሰካራም ሆኗል» አሉ። «ታዲያ ማዳበሪያው ይቅር ነው የሚሉት?» አላቸው ጎረምሳው። አያ ካምዋዛም፣ «ምርኩዝ የሚነጠቀው እግሩ ከዳነ በኋላ ነው እንጂ ሰውየው መንገድ መሃል ቆሞ ነው እንዴ!» ብለው ምርኩዛቸውን ከወለሉ ላይ አነሡ፤ ሊወድቁም ምንም አልቀራቸው። ሰው በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቀ።

ይሄን ድጎማውን ለቀነሱት አለቆችሽ ብትነግሪልኝ ደስ ይለኛል። የተናገርሽው ስህተት ነው አልልም። ሌባ አለ፤ ይኸው ሌባዋ እየጻፈችልሽ ነው። ግን ሌባውን ለመቅጣት ብላችሁ ድጎማውን በአንድ ክረምት ስትቆርጡት የተቀጣው ሌባው አይደለም። በወረቀት ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ቤት ቀነሳችሁ። እኔ የማውቃቸው በስማቸው ነው። እናቶች በሕዝብ ፊት ተነሥተው «ልጆቼን ማታ ማታ ውሃ አጠጥቼ ነው የማስተኛቸው» እያሉ ተናገሩ፤ እውነት መሆኑን ጎረቤት መሰከረላቸው። ከዚያም ሁሉ በኋላ ያልተመረጡ አሉ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሃያ ዘጠኙ ስም ሞላ። ሌኒያ የራሷን ስም ስትጽፍ ማንም አልተቃወማትም። የእኔን ስም የጠራ የለም፤ እኔም አልተነሣሁም። ከወገናችን የገቡት ሁለት ቤት ናቸው። ስንወጣ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ሰው ሁሉ በአጠገቤ እያለፈ ሄደ፤ ያዋረደኝም፣ እጅ የነሣኝም አልነበረም።

አጎትሽ ከእኔ በላይ ወዳለው ትልቁ ሹም ዘንድ ሄዶ ከሶኛል። ማክሰኞ ቅረቢ የሚል መልእክት ደርሶኛል፤ ሹመቱን እንደሚነጥቁኝ ይሰማኛል። ይንጠቁኝ። እሱን አልፈራሁም። የፈራሁት ሶስቴኒ ቢሾም ቀጣዩን ዝርዝር በቤቱ ተቀምጦ እንዳይጽፈው ነው። ሌኒያና አያ ካምዋዛ ማክሰኞ እዚያው እንገኛለን ብለዋል። ለእኔ ብለው እንዳይመስልሽ፤ ከእንግዲህ ስም የሚመረጠው ሕዝብ በተሰበሰበበት ብቻ ይሁን ሊሉ ነው። ትልቁ ሹም ይሰማቸው አይሰማቸው እንጃ። እኔ ለበቆሎዬ ከከብት በረት ፍግ በቅርጫት እያመላለስኩ ነው። ለላይኛው ማሳ ይደርስልኛል፣ ለታችኛው አይመስለኝም። ገንዘብ እንዳትልኪልኝ።

ትናንት ሌኒያን ፍለጋ ማሳዋ ድረስ ሄድኩ። ስትኮተኩት አገኘኋት። «ልጄ ደመወዝተኛ ናት፤ እንክስሻለን» አልኳት። ዶማዋን ሳታቆም፣ «ካሳ አልፈልግም» አለችኝ። ጥቂት ትልም እንደሄደች ቀና አለችና፣ «ልጅሽን በያት፤ ትምጣ። አንድ ቀን ከእኔ ጋር ትኮትኩት፣ ማታ እኔ የምበላውን ትብላ። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው ላይ ሄዳ ይቀነስም ትበል፣ አይቀነስም ትበል፤ እሰማታለሁ» አለችኝ።

ያለችውን እንዳለችው ጽፌልሻለሁ። እኔ መልእክት አድራሽ ነኝ እንጂ ነይም አትምጪም አላልኩም። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ መንገዱም በዝናብ ጊዜ አስቸጋሪ ነው። አልጋሽ ላይ የነበረውን የኦቾሎኒ ጆንያ ግን ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንሥቼ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ። አይጥ ስላስቸገረኝ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ቃልሽ የሚሰማ፣ የሰማሽም የማይራብ ይሁን። ለእውነት የተከፈተውን አፍሽን ማንም አይዝጋብሽ፤ እናትሽም ብትሆን። ጌታ መግቢያና መውጫሽን ይጠብቅልኝ።

እናትሽ፣
ኤኔሌሲ