የአባትሽ መኪና ሰሌዳ

ይድረስ ለልጄ ለዚግሊንዴ፦ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ ድንቹንም አስገብተናል።

ወረዳችን ፈርሶ ከጎረቤት ወረዳ ከተቀላቀለ ይኸው ስንት ዓመቱ! አባትሽ ግን አዲስ መኪና ቢገዛ የእነሱ ወረዳ ምልክት ያለበትን ሰሌዳ መለጠፍ ስላለበት፣ አሮጌዋን የሙጥኝ እንዳለ ነው። ትናንት ከረባቱን አስሮ ጡረታ እስኪወጣ ወደሠራበት የድሮው ወረዳችን ጽሕፈት ቤት ነዳና ተናዶ ተመለሰ።

"ቆልፈውብኛል!" አለ።

ጎረቤታችን ቬንደሊን ሰምቶ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወረዳችን እኮ የቀረችው መኪናህ ላይ ብቻ ነው!" ሲለው ሁላችንም ሳቅን። አባትሽ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ "መቼ ፈረሰች?" አለኝ።

የመኪናዋን ቁልፍ ዱቄቱ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ለገና ስትመጪ ከጣቢያው በአውቶቡስ ነይ። በሩን አባትሽ ከከፈተልሽ፣ ከመተቃቀፋችሁ በፊት ስምሽን ንገሪው።

በደህና ያምጣሽ፤
ናፋቂሽ እናትሽ ሮዝቪታ