ያ ጭስ እንጂ እሳት አይደለም ላሉት ሊቀመንበራችን

ይድረስ ለክቡር የሕንፃችን ቦርድ ሊቀመንበር፣ ለጋሽ መኩሪያ

ጤናዎን፣ እንቅልፍዎን፣ የምግብ ፍላጎትዎን ሁሉ ያብዛልዎ። የእኔ እንቅልፍ ከሄደ ቆይቷል።

ነብዩ ነኝ፤ በዚህ በሰው አገር ሰፈራችን፣ ሞርተንስሩድ ላይ የማያውቀኝ የለም። ትምህርት ብዙ አልገፋሁም፣ ጉልበት ግን አልጎደለብኝም። ለሕንፃው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ሲፈለግ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቦርዱም ለዚህ ብሎ ከወር መዋጯችን ትንሽ ሲቀንስልን ቆይቶ፣ ባለፈው ስብሰባ ቅናሹን አነሳው። እናመሰግናለን። ሲያነቡ እንዳይደክሙ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩. እሳት በሌለበት ቅናሽ ምን ያደርጋል ብለዋል። ለፋሲካ እማማ ሮማነወርቅ፣ ስምንተኛ ፎቅ ያሉት፣ መራመድ የማይችሉት፣ የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ሲቁላላ የጭስ አላርሙ እየጮኸ ቢያስቸግራቸው በፌስታል አሳፈኑት። ግማሹ ሐበሻ ጎረቤት እንደዚያው ነው የሚያደርገው። እንግዳው ሲሄድ ድስቱ ምድጃ ላይ ተረሳ፣ እሳቸውን ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ አላርሙም ዝም አለ። ጭሱን ያሸተተችው ጎረቤታቸው አይዳ ናት። እሷና ገነነ፣ ሁለቱም የእሳት አጥፊ ቡድናችን አባላት፣ በሩን ገንጥለው ያዙልኝ፣ እኔ እማማን አዝዬ በደረጃ ወረድኩ። መሃል ላይ «ልጄ፣ ነጠላዬ ወደቀ፣ ተመለስ» አሉኝ። አልተመለስኩም። እርስዎ ግን ያ ጭስ እንጂ እሳት አይደለም አሉ። ስላረሙን እናመሰግናለን፤ ሳንባዬ ልዩነቱ እስካሁን አልገባውም።

፪. ቅናሹ ሲነሳ አይዳ የቡድኑን ሰደርያ መለሰች፣ ገነነ ኤክስትራቫክት፣ ትርፍ ፈረቃ፣ ያዘ። ሰው ትርፍ ሥራ ሲያገኝ አልፈርድበትም። ከቡድኑ የቀረሁት እኔ ነኝ።

፫. ጋሽ መኩሪያ፣ እፈራለሁ። በቡጢ ከሆነ ከዚህ እስከ ጎረቤት ሰፈር ፕሪንስዳል የሚችለኝ የለም፣ ጭስ ግን በቡጢ አይመታም። ሰው ዳቦ ባሳረረ ቁጥር ደረጃው ላይ ወጥቼ አሸታለሁ። ያን ቀን ብቻዬን ብሆን ኖሮ እኔ ከበሩ ጋር ስታገል እማማ ያልቅላቸው ነበር። ፌስታሉን አውልቄዋለሁ፤ በሚቀጥለው በዓል መልሰው እንደሚያስሩት አውቃለሁ። ያኔ በሩን ማን ይይዝልኛል?

በቅናሹ ፈንታ መግቢያው ላይ ስላስተከሉልን አበባም ከልብ እናመሰግናለን። የእሳት አደጋ መኪናው ሲመጣ ያምርበታል።

እጅ ነስቼ፣ ደረጃ ደረጃውን እያሸተትኩ የምሰናበትዎ፣
የቡድኑ አለቃም፣ ምክትልም፣ አባልም የሆንኩት
ነብዩ

ማስታወሻ፦ እርስዎ ከእማማ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው እንደሚኖሩና ጉልበትዎን ኦፕራሲዮን እንደተደረጉ ሰማሁ፤ እግዜር ይማርዎ። የእኔ ጀርባ የሚችለው አንድ ሰው ነው። እማማ ቀድመው ይዘውታል።