ለርእሰ መምህራችን፣ «ማረፍ» ስለሚለው ቃል

ለተከበሩ ርእሰ መምህር ለአቶ ዓባይ
የአል-ሳሃፋ የዓርብ አማርኛ ትምህርት ቤት
ኻርቱም፣ የካቲት 2009 ዓ.ም.

የተከበሩ አቶ ዓባይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሙቀቱ ከወዲሁ መክበዱን ሳይ የቢሮዎ ማራገቢያ እንዳይቆምብዎ፣ ልጆቹን በዜማ ሲያስደግሙም ጉሮሮዎ እንዳይደርቅብዎ ከልብ ተመኘሁ። እኔ ጥዑመልሳን እባላለሁ፤ በባሕሪ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ እዚህ ዎርሻ በሚሉት በአንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራ፣ የተማሪዎ የገሊላ አባት ነኝ። ይህን በግልጽ ደብዳቤ መጻፌ፣ ቢሮዎ መጥቼ የተናገርኩትን በትዕግሥት ሰምተው የልጄን የፈተና ውጤት ስለነገሩኝ፣ ምናልባት ሌሎች ወላጆች ቢያነቡት መልሱን ይነግሩኝ ይሆናል ብዬ ነው። ቁጣ እንዳይመስልዎ፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት የለኝም።

በቅድሚያ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. መምህርት ወሰንየለሽን ስላሰናበቱልን እናመሰግናለን። የእሳቸው ዘዴ በእርግጥም ጫጫታ ይበዛው ነበር። ቤቱ አማርኛ የሚነገርበትን ልጅ ዐረብኛ ከሚቀናው ልጅ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ትናንት የዋሉትን አንዱ ለአንዱ እንዲያወራ ያደርጉ ነበር። ለገሊላ የደረሰቻት እዚሁ ግቢያችን የምትኖረው ሬሕማ ናት። የሬሕማ እናት ሉጥፊያ የወሎ ሴት ናት፤ ቀን በሰው ቤት ስትሠራ ትውላለች፣ ማታ ከልጇ ጋር በአማርኛ ስታወራ ታመሻለች። እኔ ግን፣ አልደብቅዎትም፣ ቀኑን ሙሉ በዐረብኛ ስጮህ ውዬ ስገባ ለልጄ የሚተርፋት «ያላ ብዪ፣ ያላ ተኚ» ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ አማርኛን አማርኛ አድርጋ የሰማችው ከሬሕማ አፍ ነበር። እርስዎ ተማሪ የሚያወራበት ክፍል ገበያ ነው ብለው ወሬውን አስቀሩና፣ ከሰሌዳ እያዩ አንዱን ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ መገልበጥን ተኩልን። የገሊላ የእጅ ጽሑፍ እጅግ አምሯል።

2. የአማርኛውንና የሃይማኖቱን ክፍለ ጊዜ አንድ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ንባቡ ሁሉ የሃይማኖት ትምህርት ሆነ፤ ሙስሊሞቹ ልጆችም «ለእነሱው ክብር ሲባል» ውጭ እንዲቆዩ ታዘዙ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ልጄ ሃይማኖቷን ብትማር ደስታዬ ነው፤ እንዲያውም የሃይማኖት ትምህርት ይጀመር ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። አማርኛ ግን የሬሕማም የእናቷ ቋንቋ ነው። ልጅቱ ሁለት ዓርብ ከግቢው የውኃ ማሰሮ አጠገብ ቆማ ዋለች፤ በሦስተኛው ቀረች። ለምን ቀረች ብሎ የጠየቀ የለም።

ሦስተኛው ምስጋና መሆኑን ስለተጠራጠርኩ ቁጥር ሳልሰጠው እንደሆነው ልንገርዎት።

እናቴ አገር ቤት፣ ዳባት ነበረች፤ ከገና ጀምሮ ታማ ተኝታ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ስልኬን ቻርጅ ላይ ረስቼ ወደ ሥራ ሄድኩ። እህቴ ሙላቷ ስትደውል ያነሣችው ገሊላ ናት። ባለቤቴ በኦምዱርማን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትመጣው ሐሙስ ማታ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አልነበረም። እህቴ በሚቆራረጥ መስመር «ለጎረቤት ትልቅ ሰው ንገሪ፤ አያትሽ አርፋለች በያቸው» ብላት ስልኩ ተዘጋ። ጎረቤቶቼ ቀስ ብለው ያረዱኛል ብላ ደግማ አልደወለችም።

ማታ ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። እየሳቀች፣ እኔና እሷ በለመድነው ዐረብኛ፣ አክስቷ እንደደወለችና አያቷ ዕረፍት እንዳገኘች፣ እንደተሻላት ነገረችኝ። በማግስቱ ጣፋጭ ገዝቼ ለዎርሻው ሰዎች አደልኩ። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አሉልኝ። እኔ ወደ ዳባት አልደወልኩም፤ እንቅልፍ ካገኘች አልቀስቅሳት ብዬ ነው፣ አቶ ዓባይ።

ረቡዕ ገሊላ ግቢ ውስጥ ሬሕማን አግኝታ፣ በአማርኛ ልታወራት ፈልጋ፣ «አክስቴ ደውላ አያቴ አርፋለች አለች» ትላታለች።

«አርፋለች? እንዲያ ከሆነማ ሞታለች ማለት ነው» አለች ሬሕማ።

«ውሸታም! ፈጣሪም እኮ አርፏል!» ብላ ልጄ ገፈተረቻት።

ሬሕማ እያለቀሰች ሄዳ ለእናቷ ነገረች። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ሉጥፊያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሁለት ጎረቤቶች አስከትላ ቆማለች። የዕለቱን ሥራዋን ቀርታ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። ቁጭ ስል ከፊቴ በርከክ ብላ፣ «አላህ ያጥናዎት። እናትዎ አርፈዋል» አለች።

እሷ ስትለው ገባኝ።

እናቴ የተቀበረችው ማክሰኞ ነበር። ለቀብሩ ባልደርስ እንኳ፣ ሰኞ ማታ ብነሣ በገዳሪፍና በመተማ አልፌ ለሣልስቷ እደርስ ነበር። መርዶውን የሰማሁት ሣልስቷ በሚውልበት ጧት ነው። እኔ ጣፋጭ ሳድል እነሱ አፈር ያለብሷት ነበር።

ልጄን ጠርቼ አያትሽ ተሻላት ያለሽ ማነው አልኳት። ደብተሯን አመጣች። «ሰባተኛው ቀን ፈጣሪ ያረፈበት ቀን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ተገልብጧል፤ ከሥሩ በቀይ «እጅግ ጥሩ» ተብሏል። «ባባ፣ አዲሱ መምህር ማረፍ ማለት ደክሞህ ስትተኛ ነው ብሏል» አለችኝ። መምህሩ አልዋሸም፤ ልጄም አልተሳሳተችም።

ደብተሩን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ፣ ልጄ በፈተና ከመቶ ዘጠና አምስት ማግኘቷን፣ ሬሕማ ደግሞ የክፍሉ ተማሪ አለመሆኗን ነገሩኝ። በሁለቱም ትክክል ነዎት። ከዚያ ሰዓትዎን አዩ።

ገሊላ ብዙ ቀን አማርኛ አልወጣትም። እኔ ስገባ «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ስል ትደነግጥ ነበር። የታረቀቻት ራሷ ሬሕማ ናት። አንድ ቀን መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «አባትሽ ከሥራ መጥቶ አረፈ ካሉሽ ተኝቷል። የታመመ ሰው አረፈ ካሉሽ ግን ለትልቅ ሰው ሮጠሽ ንገሪ» አለቻት። ልጄ ያን ጊዜ ነው አያቷን ያለቀሰቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ማውራት ጀመረች።

እንግዲህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ሃይማኖቱ የራሱ ክፍለ ጊዜና የራሱ መምህር ይኑረው፤ አማርኛው ደግሞ አማርኛ ለሚያወሩ ልጆች ሁሉ ይከፈት፤ ወሰንየለሽም ይመለሱ። ጊዜ የሚፈልግ ከሆነ አይጨነቁ። እሳቸው አሁን ዓርብ ጧት በግቢያችን ጥላ ሥር፣ የሉጥፊያ ምንጣፍ ላይ አሥራ አንድ ልጆች ያስተምራሉ፤ ጫጫታው ለጎረቤት ይተርፋል፤ እስካሁን የተቆጣን ጎረቤት የለም።

ለደከሙልን ሁሉ ክብረት ይስጥልኝ፤ የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፤ የክፍልዎም ጸጥታ አይደፍርስ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጥዑመልሳን፣ የገሊላ አባት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ልጃቸውን ይዘው ወደ ምንጣፉ መጥተው ነበር። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። ብቻ አንድ ማታ የራስዎ ልጅ እቤት ተቀብላዎ «አባባ፣ እንዴት ዋልክ?» ብላ በአማርኛ ብትጠይቅዎ፣ ማን አስተማረሽ ብለው አይቆጧት፤ ደህና ዋልኩ ብለው ይመልሱላት።